ኤሊና ሻርክ ሳያልቅ የተያዘ ቱና ከድሬዳዋ ሱቅ እንዴት ይመረጣል?

ድሬዳዋ ከባሕር ትርቃለች እንጂ የባሕር ዕቃ አይርቃትም። የታሸገ ቱና ከቀፊራ እስከ ከዚራ በየሱቁ አለ፤ ጾም ሲገባ በካርቶን የሚገዛም አይጠፋም። (ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው።) ቱና ሲጠመድ ግን ቱና ብቻ አይያዝም። ሻርክ፣ የባሕር ኤሊ፣ ዶልፊን፣ ገና ያላደገ ዓሣ አብሮ ይገባል፤ ብዙውም ሞቶ ወይም ቆስሎ ወደ ባሕር ይጣላል። ጉዳቱን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ዓሣው የተያዘበት መሣሪያ ነው፤ ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከጣሳው ላይ ማወቅ ይቻላል።

ጣሳውን ገልብጡት። ፊቱ ላይ ያለው ሥዕል ለዚህ ጉዳይ አይረባም። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የዓሣው ዝርያ፣ የተያዘበት ባሕርና የተያዘበት ዘዴ። ሦስቱም ከሌሉ ጣሳውን መልሱት፤ በአግባቡ የተያዘ ዓሣ የሚሸጥ ድርጅት ይህን አይደብቅም።

ዝርያው

የላቲኑን ስም ፈልጉ። በእንግሊዝኛው ፊደል «ኬ» የሚጀምር ከሆነ ካትሱዎነስ ፔላሚስ፣ ማለትም ስኪፕጃክ ነው፤ ቶሎ የሚራባ ትንሽ ቱና ስለሆነ የተሻለው ምርጫ እሱ ነው። በ«ቲ» የሚጀምር ከሆነ የሎውፊን (ባለ ቢጫ ክንፉ ቱና)፣ ቢግአይ፣ አልባኮር ወይም ሎንግቴይል ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛውን ቃል ሳታነቡ አትለፉ። የንግድ ስሙን ብቻ ማመን ያሳስታል። በፈረንሳይኛ በተጻፈ ጣሳ ላይ «አልባኮር» ማለት የሎውፊን ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን ሌላ ዓሣ ነው። ስኪፕጃክን ፈረንሳይኛው «ሊስታኦ» ይለዋል። «ላይት ሚት» የሚለው የሥጋውን ቀለም እንጂ ዝርያውን አይናገርም።

ባሕሩ

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ውቅያኖሶችን በቁጥር ከፋፍሏቸዋል። 51 ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ነው፤ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤም በውስጡ ናቸው። በጂቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ የሚታዩት ግዙፎቹ ዌል ሻርኮችም የዚሁ ቀጠና ናቸው። 57 ምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ፣ 71 የመካከለኛው ፓስፊክ ምዕራብ፣ 77 ደግሞ የመካከለኛው ፓስፊክ ምሥራቅ ነው። «የታይላንድ ምርት» የሚለውን ከዚህ ጋር አታምታቱ፤ ታይላንድ የታሸገ ቱና ለዓለም በመላክ ቀዳሚዋ ናት፣ ዓሣው ግን ከየትም ሊመጣላት ይችላል።

ዘዴው

ዋናው ይህ ነው። «ፖል ኤንድ ላይን» ካለ አትመራመሩ፣ ግዙ። አጥማጁ በዘንግና በመንጠቆ አንድ በአንድ እያወጣ የያዘው ነው፤ ያልተፈለገ ነገር ቢመጣ በሕይወት ሳለ ይመለሳል። ማልዲቭስ የምትታወቀው በዚህ ነው። እንከን አይጠፋውም፤ ለማጥመጃ የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦች በሕይወት መያዝ አለባቸው። ሆኖም ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም።

«ፐርስ ሴይን» ማለት መንጋውን ከብቦ እንደ ከረጢት አፍ ከታች በገመድ የሚሰበሰብ ትልቅ መረብ ነው። ችግሩ መረቡ ሳይሆን የሚጣልበት ቦታ ነው። መርከቦች ፋድ የሚባል ሰው ሠራሽ ተንሳፋፊ ባሕር ላይ ይለቃሉ፤ ጥላው ሥር ትንንሽ ዓሦች፣ ቀጥሎ ቱና፣ ከዚያም ሻርክ ይሰበሰባል። መረቡ ሲጣል ሁሉም አብሮ ይገባል፤ ያልደረሱ የሎውፊንና ቢግአይም ጭምር። በዚያ ላይ ከፋዱ ሥር የተንጠለጠለ አሮጌ መረብ ማንም ሳያየው ይገድላል። በ2013 የወጣ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ በዚህ መንገድ ብቻ በዓመት ከ480,000 እስከ 960,000 የሚደርሱ ሲልኪ ሻርኮች እንደሚሞቱ ገምቷል። ከዚያ ወዲህ የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን የማይተበትብ ፋድ እንዲሠራ ደንግጓል፤ ያልደረሰው ዓሣ ግን አሁንም ይያዛል። ስለዚህ «ፐርስ ሴይን» ብቻውን አይበቃም፤ አጠገቡ «ፋድ ፍሪ» (ያለ ፋድ የተያዘ) የሚል ፈልጉ።

«ሎንግላይን» በሺህ የሚቆጠሩ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበት ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገመድ ነው። ኤሊ ማጥመጃውን ስትውጥ ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ያቅታትና ትሰጥማለች። ክብ መንጠቆ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ የትኛው እንደተሠራበት ግን ጣሳው አይነግራችሁም። እለፉት።

«ጊልኔት» ውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚቆም መረብ ሲሆን በሕንድ ውቅያኖስ ዶልፊን በብዛት የሚያልቀው በእሱ ነው። ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ተንሳፋፊ መረብ የተባበሩት መንግሥታት ከ1992 መጨረሻ ጀምሮ ከዓለም አቀፍ ባሕር እንዲወጣ ወስኗል፤ አጠር ያለው ግን በስፋት ይሠራበታል። ሎንግቴይል በዚህ ቀጠና የሚያዘው በአብዛኛው በጊልኔት ነው። 51 የሚል ሎንግቴይል አይታችሁ ዘዴው ካልተጻፈ፣ ጊልኔት ነው ብላችሁ ተዉት።

የዶልፊኑ ምልክት

ገዢን የሚያዘናጋው «ዶልፊን ሴፍ» (ዶልፊን ሳይጎዳ የተያዘ) የሚለው ይህ ምልክት ነው። በምሥራቅ ፓስፊክ የሎውፊን ከዶልፊን ሥር ስለሚዋኝ መርከቦች ዶልፊኑን ከብበው መረብ ይጥሉ ነበር። የአሜሪካ ሕግ በ1990 ምልክቱን የደነገገው ለዚህ ነው። ቁጥሩ 51 በሆነ ጣሳ ላይ ምልክቱ ስለ ሻርክ፣ ስለ ኤሊ፣ ስለ ፋድ የሚለው ነገር የለም። ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ያልጠየቃችሁትን ነው የሚመልሰው።

ኤምኤስሲ (የባሕር ዓሣ እንዳያልቅ የሚሠራ ድርጅት) የሚለው ሰማያዊ የዓሣ ምልክት ይሻላል፤ በገለልተኛ መርማሪ የተፈተሸ ነው። ከምልክቱ አጠገብ በ«ኤምኤስሲ-ሲ» (MSC-C) ተጀምሮ አምስት አኃዝ ያለው ኮድ መኖር አለበት፤ ከሌለ ተጠራጠሩ። በፋድ የሚያጠምዱም ይህን ምልክት ያገኙበት ጊዜ ስላለ ዘዴውን ማንበቡ አይቀርም።

በዘንግ የተያዘው ካልተገኘ ፋድ ፍሪ ስኪፕጃክ፣ እሱም ከሌለ ሰማያዊ ምልክት ያለው ስኪፕጃክ ውሰዱ። በዘንግ የተያዘው ብዙውን ጊዜ ይወደዳል፤ ዋጋ ስታወዳድሩ የጣሳውን ሳይሆን ፈሳሹ ከተጠለለ በኋላ የሚቀረውን ግራም ተመልከቱ።

በካርቶን ከሆነ ሳትከፍሉ «አቦ፣ ክፈትልኝ» በሉት። የአንድ ብራንድ ዓሣ እንደየምርት ዙሩ ከተለያየ ባሕር ሊመጣ ይችላል። ከላይና ከሥር አንዳንድ ጣሳ አውጥታችሁ ክዳኑ ላይ የታተመውን ኮድ አስተያዩ፤ ከተለያየ ሁለቱንም ገልብጣችሁ አንብቡ።