ዱቦይሲን ቤት ውስጥ ማሳደግ፦ ከውሃው እስከ ጫጩቱ

ዱቦይሲ የሚባለውን የገንዳ ዓሣ መጀመሪያ ያየሁት በሕፃንነቱ ነው። ድቅድቅ ያለ ጥቁር ገላ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ልክ ደመና የሌለበት የገጠር ሌሊት። ሲያድግ ነጠብጣቡ ሁሉ ይጠፋል። ጭንቅላቱ ሰማያዊ ይሆንና ወገቡ ላይ ቢጫ ወይም ነጭ መቀነት ይታጠቃል። ያልነገሩት ሰው ሁለት የተለያዩ ዓሦች ናቸው ብሎ ይከራከራል።

አገሩ ታንጋኒካ ሐይቅ ነው፤ ታንዛኒያ፣ ኮንጎ፣ ብሩንዲና ዛምቢያ የሚጋሩት፣ 1,470 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ሐይቅ። ቤተሰቡ ሲክሊድ ይባላል። የኛው የሐዋሳና የዝዋይ ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ዱቦይሲ ግን ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ የበቀለ አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ሽፋን) ሲግጥ ነው የሚውለው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከእሷ ነው የሚመዘዘው።

ገንዳውና ውሃው

ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ 400 ሊትር ገደማ የሚይዝ ገንዳ ፈልጉ። ዓሣው ሲያድግ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን እርስ በርስ ይባረራሉ፤ የሚሸሸው የሚሸሽበት ቦታ ካጣ ተነክሶ ያልቃል። ድንጋይ ቆልሉበት። ድንጋዩን አስቀድማችሁ የገንዳው ወለል ላይ አደላድሉና አሸዋውን ከዚያ በኋላ አፍስሱ፤ አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ዓሦቹ ሥሩን ሲቆፍሩት ይናዳል፣ መስታወትም ይሰብራል።

ውሃው ጠንካራ፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) 8.5 አካባቢ ይሁን። የኖራ ድንጋይ ወይም የተፈጨ ኮራል ብትጨምሩበት ፒኤቹ እንዳይወርድ ይይዝላችኋል። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያጠፋውን ጠብታ አትርሱ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው። ፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ውስጥ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ዓሣ አታስገቡ፤ እስከዚያው ግን ባክቴሪያዎቹም ምግብ ይፈልጋሉና በየቀኑ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጉበት። ፒኤች ከፍ ባለበት ውሃ አሞኒያ፣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው፣ ይበልጥ መርዝ ይሆናል፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ምንም የማያመጣ ትንሽ ስህተት እዚህ ይገድላል። መመርመሪያው አሞኒያና ናይትራይት (ባክቴሪያዎቹ ከአሞኒያ የሚሠሩት ሌላ መርዝ) ዜሮ ናቸው እስኪላችሁ ቻል አድርጉት። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየሳምንቱ የውሃውን ሲሶ ቀይሩ፣ ሳታሰልሱ።

ስትገዙ

ከ15 እስከ 20 ትንንሽ ዓሣ፣ ሁሉንም ባንድ ቀን፣ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ዘር። የሐይቁ ዳርቻ በተለያየ በኩሉ የተለያየ መልክ ነው የሚያወጣው፤ ለምሳሌ ከታንዛኒያ በኩል የሚመጣው ማስዋ የሚባለው ሰፊ ቢጫ መቀነት አለው። ዘሩን ካደባለቃችሁ ይዳቀላሉ፣ የወለዱትም ምን እንደሆነ ማንም አያውቅላችሁም። ስለ ዱር መልኩ የምታስቡ ከሆነ በዚህ ላይ አትደራደሩ። ለጀማሪ የምመክረው ደግሞ ከሐይቁ የወጣውን ራሱን ሳይሆን ልጆቹን ነው፣ ገንዳ ውስጥ የተወለዱትን። መልካቸው ያው የዱሩ ነው፣ የመንገድ ድካም ግን አያውቁም። ቤት ሲደርሱ የገንዳችሁን ውሃ እነሱ ያሉበት ዕቃ ውስጥ በቀጭን ጎማ እያንጠባጠባችሁ አንድ ሰዓት ያህል አለማምዷቸው፤ የዛን ቀን ምንም አታብሏቸው።

ምግቡ

እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። ዓሦቼ ገና አዲስ ሳሉ ቶሎ ይደጉልኝ ብዬ የቀዘቀዘ ቀይ ትል አበላኋቸው። በደስታ ተሻሙበት። በሳምንቱ አንዱ ምግብ አፉ ውስጥ አስገብቶ መልሶ መትፋት ጀመረ፣ ከዚያ ጥግ ይዞ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከዚያ ነጭ ክር የመሰለ ኩስ፣ መጨረሻ ላይ ሆዱ ተነፋ። አምስት ዓሣ ቀበርኩ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ምክንያቱ አንጀቱ ነው። ሣር እንደምትግጥ ላም አንጀቱ ረጅም ነው፤ ከራሱ ቁመት ብዙ እጥፍ። አልጌን ቀስ ብሎ ለመፍጨት የተሠራ ስለሆነ ሥጋና ስብ የበዛበት ምግብ እዚያው ውስጥ ይቆይበትና በሽታ ይጠራል።

ስለዚህ ዋናው ምግባቸው ስፒሩሊና (የሚበላ አረንጓዴ አልጌ) ያለበት እንደ ቅጠል የሳሳ ደረቅ ምግብ ወይም ትንንሽ እንክብል ይሁን። ስፒሩሊና ሩቅ አይደለም፤ ቢሾፍቱ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ አረንጓዴ የሚያደርገው እሱ ነው። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ስጡ፣ ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ብቻ። ተርበው መስታወቱ ላይ ይንጋጋሉ፣ አንጀታችሁን ይበሉታል፤ አትጨምሩ። የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር የተደረገ ቆስጣ ወይም ዝኩኒ አልፎ አልፎ ጥሩ ነው።

ከሁሉም የምወደውን ልንገራችሁ። ለስላሳ ድንጋዮች ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከገንዳው የቀየራችሁትን ውሃ ሙሉበትና በረንዳ ላይ ፀሐይ ይምታው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ድንጋዩ አረንጓዴ ፀጉር ያበቅላል። አንዱን አውጥታችሁ ገንዳው ውስጥ ስታስቀምጡት ሃያውም ይከቡታል፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ከንፈራቸውን ድንጋዩ ላይ ለጥፈው ጎተት፣ ጎተት ሲያደርጉ ታያላችሁ። ማታ ድንጋዩ ራቁቱን ይቀራል። ባልዲው ውስጥ ጋራዥ ወይም ኩሽና ያገለገለ ዕቃ አታስገቡ፣ የሳሙና ርዝራዥ ሊገድላቸው ይበቃል።

ምግብ የሚተፋ ካያችሁ በዚያው ቀን ምግብ አቁሙና ውሃ ቀይሩ። ሆዱ እስኪነፋ ከጠበቃችሁ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ሲወልዱ

አንድ ቀን አንዷ ሴት ጉንጯ ሞልቶ፣ አገጯ ወርዶ ታገኟታላችሁ። እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛለች። የምትጥለው ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15፣ ግን ትልልቅ። ለአራት ሳምንት ያህል ትይዛቸዋለች። አትንኳት፣ በመረብ አታሯሯጧት፣ ደንግጣ ትተፋቸዋለች። መጀመሪያ እኔ እንዳደረግኩት ምግብ እየለቀመች ስታዩ ልጆቿን የዋጠች አይምሰላችሁ፤ ዱቦይሲ እናት ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ትግጣለች፣ እነሱም ውስጥ ሆነው ከዚያው ይበላሉ።

ስትለቃቸው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጣሉ፣ ነጠብጣባቸውም ወጥቷል። በድንጋዮቹ መሃል ጠባብ ስንጥቆች ከተዋችሁላቸው እዚያ ተሸጉጠው ያድጋሉ። ስፒሩሊናውን በጣታችሁ አድቅቃችሁ ስንጥቁ አፍ ላይ ጣሉላቸው።