ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት አስገምቷቸው

መምህራን፣ ደሴ ላይ ሳስተምር በደንብ የሠራልኝን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። አንድ ስልክ ይበቃል። መጀመሪያ ግን ኪስ ውስጥ ይቆይ። «አሁን ኮምቦልቻ ከደሴ በስንት ዲግሪ ይሞቃል?» በሉና ግምታቸውን ከነምክንያቱ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ይቺን እባካችሁ አትዝለሏት፤ መልሱን ቀድመው ካዩ ማሰቡ እዚያው ያበቃል።

ከዚያ የአየር ሁኔታ መተግበሪያውን ክፈቱ። «ኮምቦልቻ ቆላ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። አታርሙት፣ «በምን አወቅህ?» በሉትና ከፍታውን ራሱ ይፈልግ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ነው፣ ማለትም ወይና ደጋ። አየር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱ ወደ 4 ዲግሪ እንደሚሆን ራሳቸው ያሰሉታል።

ስልኩ ከዚህ የራቀ ቁጥር ካሳየ በጣም ጥሩ! ደመና ነው? ነፋስ? ወይስ መተግበሪያው ተሳስቶ? የኔዎቹ አንዴ በዚህ ሲከራከሩ ደወሉንም አልሰሙት። አንዷማ ማታ ኮምቦልቻ ላለችው አክስቷ ደውላ «ቀን ደመና ነበር እንዴ?» ብላ ጠይቃ፣ መልሱን በማግስቱ ጠዋት ይዛልኝ መጣች።