ወጣ ገባ ውጤት ይዞ ለኢኮኖሚክስ ዶክትሬት እንዴት ማመልከት ይቻላል?

ትራንስክሪፕታቸው ላይ «ኤ» እና «ሲ» ተጎራብተው የሚታዩ አመልካቾች ወይ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ወይ ረጅም ማብራሪያ መጻፍ ይጀምራሉ። ሁለቱም አይጠቅሙም። ተማሪ የሚመርጠውን የቅበላ ኮሚቴ የሚያሳምነው ከደካማው ውጤት በኋላ የመጣ አዲስ ማስረጃ ነው።

1. ደካማ ውጤቶችን ይለዩ

የዶክትሬቱ የመጀመሪያ ዓመት ማይክሮኢኮኖሚክስ፣ ማክሮኢኮኖሚክስና ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመተንተን ትምህርት) ነው፤ ሦስቱም በሂሳብ የተሞሉ ናቸው። ስለዚህ በታሪክ ወይም በቋንቋ ትምህርት ያገኙት «ሲ» እንቅልፍ አይንሳዎት። በካልኩለስ፣ በሊኒየር አልጀብራ ወይም በፕሮባቢሊቲ ያገኙት ግን መፍትሔ ይፈልጋል።

2. ሂሳቡን ይጠግኑ

ያንኑ ኮርስ ከመድገም ይልቅ ከእሱ በላይ ያለውን ወስዶ ጥሩ ውጤት ማምጣት ይሻላል ባይ ነኝ። በሪል አናሊሲስ፣ ማለትም የሂሳብ ማረጋገጫ መጻፍን በሚያስተምረው ኮርስ፣ «ኤ» ያመጣን ሰው ስለ መጀመሪያ ዓመት ካልኩለሱ ማን አጥብቆ ይጠይቀዋል? ኮርሱ ፈተናና ውጤት ያለው ይሁን። በቪዲዮ ብቻ የተከታተሉት ትምህርት ለራስዎ ዕውቀት እንጂ ለኮሚቴው ማስረጃ አይሆንም።

ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚጠይቁም የተዉም ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የሂሳቡ ክፍል ጣሪያ 170 ነው፤ ጠንካራ አመልካቾች እዚያው አካባቢ ስለሚያመጡ በ160 መኩራራት አይቻልም። ፈተናው ከሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ብዙ ስለማይርቅ ከፍተኛ ነጥብም ቢሆን የካልኩለስን ድክመት አይሸፍንም።

3. የድጋፍ ደብዳቤ

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ውጤቱ ወጣ ገባ የሆነ አመልካች የሚወድቀውም የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። በስም የታወቀ ግን በቅጡ የማያውቅዎት ባለሥልጣን የሚጽፈው ደብዳቤ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። የሚፈለገው ምርምር የሚሠራ፣ ሥራዎን በቅርብ ያየና ከዚህ ቀደም ዶክትሬት ከገቡ ተማሪዎቹ ጋር ሊያወዳድርዎት የሚችል መምህር ነው። ከደብዳቤው ሁሉ ክብደት የሚኖራት ያቺ የንጽጽር ዓረፍተ ነገር ናት።

ሲጠይቁ «ደብዳቤ ይጽፉልኛል?» አይበሉ፤ ይህን እምቢ የሚል መምህር ጥቂት ነው። «ጠንካራ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብለው ይጠይቁ። ካመነቱ አመስግነው ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ለዘብ ያለ ደብዳቤ ከመጥፎ ውጤት የባሰ ይጎዳል። እሺ ካሉ ትራንስክሪፕትዎን ሳይደብቁ ያሳዩአቸው፤ የትኛው ሴሚስተር እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸና ከዚያ ወዲህ ምን እንደሠሩ በአንድ ገጽ ጽፈው ይስጧቸው። «ያ ውጤት የተማሪዬን አቅም አያሳይም» የሚለው ቃል ከመምህር ሲመጣ ምስክርነት ነው፤ ከእርስዎ ሲመጣ ግን ሰበብ ይመስላል።

እንዲህ ያለ መምህር ከሌለዎት ማመልከቻውን ያዘግዩት። አንድ ወይም ሁለት ዓመት በደመወዝ የምርምር ረዳት ሆኖ መሥራት ዛሬ የተለመደ መንገድ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የኢኮኖሚ ምርምር ቢሮ በድረ ገጹ የሌሎች ተቋማትን ጭምር የሥራ ማስታወቂያዎች ያወጣል። ቀጣሪዎቹ ብዙ ጊዜ በመረጃ ትንተና ፈተና ስለሚመዝኑ ስታታን፣ አርን ወይም ፓይተንን የመሰለ የመተንተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም በደንብ ይልመዱ። ሌላው አማራጭ ማስተርስ ነው፤ በካናዳና በአውሮፓ ወደ ዶክትሬት የሚወስደው የተለመደ መንገድም ይኸው ነው።

4. የዓላማ መግለጫ

ስለ ልጅነት ሕልም የሚተርከውን አንቀጽ ይሰርዙት። የምርምር ጥያቄዎን፣ በምን መረጃ ሊመልሱት እንዳሰቡና እስካሁን የሠሩትን ይጻፉ። ስለ ደካማው ውጤት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ አንዱ የሆነውን፣ ሌላው የተለወጠውን ይናገር። ዋናው ጉዳይ በመምህርዎ ደብዳቤ ውስጥ ካለ እሱንም መተው ይቻላል።

5. ምርጫና ጊዜ

የአሜሪካ ፕሮግራሞች ማመልከቻ በአብዛኛው ዲሴምበር ላይ ይዘጋል፤ መምህራንን ከዚያ ሁለት ወር ቀድመው ይጠይቁ። በደረጃ ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ይምረጡ። የማመልከቻ ክፍያው ሲደመር ስለሚከብድ ነጻ የሚያደርጉ መኖራቸውን ያጣሩ። መቀበያ ደብዳቤ ሲመጣም የትምህርት ክፍያንና የኑሮ ድጎማን ስንት ዓመት እንደሚሸፍን ያንብቡ።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ፍላጎትዎን በአጭር ኢሜይል ያሳውቁ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪዎች መልስ መስጫ ያደረጉት ኤፕሪል 15ን ስለሆነ ቦታ የሚለቀቀው በዚያ ሰሞን ነው፤ በእነዚያ ቀናት ኢሜይልዎን ደጋግመው ይመልከቱ።