የልብ ሕመምተኛ በስትሮክ እንዳይመታ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

ለዓመታት በልብ ክትትል ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። አሁን የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰፈሩ «ሲስተር» ብሎ ስለሚያውቀኝ የደም ግፊት መለኪያዬ ከእኔ ቤት ይልቅ በጎረቤት ቤት ሲዞር ይውላል። በዚህ ሁሉ መካከል ደጋግሞ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ፤ የልብ ሕመምተኛ ትንፋሹ ቀለል ሲለውና የእግሩ እብጠት ሲጎድል «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን በሙሉ ያቆማል። ከእነዚያ መድኃኒቶች አንዱ የታዘዘለት ግን ለትንፋሹ አልነበረም፤ አንጎሉን ለመጠበቅ ነበር። ይህን የሚነግረው ሰው አላገኘም፤ ወይም በወረፋው ግፊያ መካከል ተነግሮት አልሰማም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤነኛ ልብ የላይኛው ክፍል ተኮማትሮ ደሙን ወደ ታችኛው ይገፋል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን በሚባለው የልብ ምት መዛባት ጊዜ ግን መኮማተሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ደሙ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ሳይነካ እንደተቀመጠ ወተትም ይረጋል። ከረጋው ደም ቁራጩ አንድ ቀን ተነቅሎ ከልብ ይወጣና ወደ አንጎል ሄዶ የደም ሥር ይዘጋል። ይህ የምት መዛባት የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል። ከልብ የሚነሣው የረጋ ደም ትልቅ ስለሚሆንም ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከሌላው ስትሮክ የከፋ ነው።

በበለጸጉ አገሮች ይህ በአመዛኙ የአረጋውያን ጣጣ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሌላም መነሻ አለው። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳትን ሊያስከትል ይችላል፤ እርሱም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን የልብ በር፣ ቫልቩን፣ ይጎዳል። ሚትራል የሚባለው ቫልቭ ሲጠብ ደም ከበላዩ ይከማቻል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዛባል። ስለዚህ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት በስትሮክ ልትመታ ትችላለች፤ «ገና ልጅ ናት» ማለት አያድናትም። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለት፣ ልቡ የደከመ፣ በቅርቡ የልብ ጡንቻው ደም አጥቶ የተጎዳ፣ ግፊቱ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ ሰው ሁሉ እዚሁ መዝገብ ውስጥ ነው። እንቅርት ያለበትም ሰው ሆርሞኑ ከመጠን ካለፈ ምቱ ሊዛባ ይችላል።

ምቱን በእጅ መፈተሽ

የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አያስወጣም። ሕመምተኛው ለአምስት ደቂቃ ያህል ዐረፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ወጥቶ እንደገባ አትለኩት። መዳፉን ወደ ላይ አድርጉና በአውራ ጣቱ በኩል፣ ከእጅ አንጓው መታጠፊያ ትንሽ ወደ ክርኑ ጠጋ ብላችሁ፣ አመልካችና መሐል ጣታችሁን አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ፤ የራሳችሁን ምት ትቆጥራላችሁ። የስልካችሁን ሰዓት እያያችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። በዕረፍት ላይ ከ60 እስከ 100 ጤነኛ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ግን አካሄዱን ልብ በሉ።

ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ግፊታቸውን ልለካ ገብቼ አንጓቸውን ያዝኩ። ሁለት ምት ተከታትሎ መጣ፤ ጠፋ። አንድ ጠንካራ፤ ከዚያ ሦስት ደካማ እየተሯሯጡ፤ ደግሞ ዝም። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አሉኝ። «ምንም አይደል እማማ፣ ነገ ከልጅዎ ጋር ሄደው የልብ ምትን የሚመዘግበውን ኢሲጂ ይነሣሉ» አልኳቸው። «ደህና ነኝ እኮ! ምኔን አመመኝና?» እውነታቸውን ነው። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ምቱ ተዛብቶ ይኖራል።

አልፎ አልፎ አንድ ምት መዝለል ብዙ ጊዜ አያስፈራም። ምንም ሥርዓት የሌለው ምት ግን ኢሲጂ ይፈልጋል። መዛባቱ የሚመላለስ ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን «ደህና ነው» መባሉ መዝገቡን አይዘጋውም፤ በቤት መፈተሹን ቀጥሉ።

ሐኪሙ ዘንድ

«ልቤ እንዴት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትውጡ። «ምቴ የተዛባ ነው ወይ? ቫልቬ ጠቧል ወይ? ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ያስፈልገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምቱ ተዛብቶ ቫልቩ ያልጠበበ እንደሆነ ሐኪሙ ዕድሜን፣ ግፊትን፣ ስኳርን፣ የልብ ድካምንና ቀድሞ የነበረ ስትሮክን አመዛዝኖ ይወስናል። ሚትራል ቫልቩ በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ጠቦ ምቱም ከተዛባ ግን ይህ ስሌት አያስፈልግም፤ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ መድኃኒቱ ይጀመራል። «አስፕሪን እየወሰድኩ ነው እኮ» የሚለው መልስ አያዋጣም። ለዚህ የምት መዛባት አስፕሪን የሚሰጠው መከላከያ ጥቂት ነው፤ ማድማቱ ግን አይቀርም።

ዋርፋሪን

ደም እንዳይረጋ ከሚያደርጉት መድኃኒቶች አንዱ ዋርፋሪን ነው። «የአይጥ መርዝ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አልተዋሸም፤ ለአይጥ ማጥፊያ ሲውል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሰው ሕክምና የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ሁሉም ነገር ያለው መጠኑ ላይ ነው፤ መጠኑ የሚታወቀው ደግሞ ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ በሚለካው፣ አይ ኤን አር በሚባለው የደም ምርመራ ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ሰው 1 ገደማ ይሆናል። ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ በሚትራል ቦታ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ላለው ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ይደረጋል። ከዚያ ሲወርድ ደም ይረጋል፣ ከመጠን ሲያልፍ ይደማል። የእናንተን ቁጥር ሐኪሙን ጠይቃችሁ በካርዳችሁ ላይ አጽፉ።

ክኒኑን ማታ ውሰዱ። እኔ «የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር» እላለሁ፤ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ ያስታውሰዋል። ማታ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀን የተሠራው ምርመራ ውጤት መጠኑን ቢያስለውጥ በዚያው ምሽት ይደርሳል። ረስታችሁ ሳትተኙ ካስታወሳችሁ ውሰዱ። በማግስቱ ካስታወሳችሁ ግን ያለፈውን ተዉት፤ ሁለት ደርቦ መዋጥ የለም።

ትልቁ ፈተና ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በፍስክ ወቅት ጎመን አልፎ አልፎ የሚቀምስ ሰው በጾም በየቀኑ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይበላል። በእነዚህ ቅጠሎች ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ስለሚቃወም አይ ኤን አሩ ይወርዳል። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑ ይቀርና ጠላውና ጠጁ ይተካል፤ ያኔ ደግሞ ቁጥሩ ይወጣል። ጎመን አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ጎመንን ጨርሶ የከለከሉ ቤተሰቦች ቁጥሩን የባሰ ሲያዘበራርቁት አይቻለሁ። መጠኑን በጾምም በፍስክም ተቀራራቢ አድርጉት። ጾሙ ከገባና ከተፈታ አንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ተመርመሩ። መጠጥ ይቅር፤ በተለይ አረቄ።

ቀጥሎ የሚያሰጋው የጎረቤት መድኃኒት ነው። ሆድ ሲቆርጥ «የአሜባ» ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚዋጠው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል አብዝቶ ሊያደማ ይችላል፤ ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ። ለወገብና ለጉልበት የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያደማሉ፤ ለተራ ሕመም በልኩ የተወሰደ ፓራሲታሞል ይሻላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ቁጥሩን ያወርደዋል። ፋርማሲ በገባችሁ ቁጥር መጀመሪያ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» በሉ።

ጸበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ እኔም እሄዳለሁ። ነገር ግን ጠጥቶ ማስመለስ ካለ ክኒኑም አብሮ ይወጣል። ጸበሉ ጠዋት፣ ክኒኑ ማታ ይሁን። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ደግሞ ከማርገዟ በፊት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስን ይጎዳል። በራሷ ማቆምም ለእሷ አደጋ ነው።

ድዱ ያለ ምክንያት የሚደማ፣ ነስሩ አልቆም ያለው፣ ሽንቱ የቀላ ወይም ሰገራው የጠቆረ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም። ወድቆ ራሱን የተመታም «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ በዚያው ሰዓት ይታይ።

አይ ኤን አር የማይጠይቁ አዳዲስ መድኃኒቶች አሉ፤ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ይባላሉ። ለብዙ ሰው ጥሩ ናቸው። የብረት ቫልቭ ላለውና ሚትራል ቫልቩ በመካከለኛ ወይም በከባድ ደረጃ ለጠበበ ሰው ግን አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ አፍሪካን ጨምሮ በብዙ አገሮች በሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ከሪቫሮክሳባን ይልቅ የዋርፋሪን ወገን መድኃኒት የወሰዱት ይበልጥ በሕይወት መቆየታቸውን አሳይቷል። ከውጭ ዘመድ ስለላከ ብቻ አትቀይሩ።

የፔኒሲሊን መርፌ

በሩማቲክ የተጎዳ ቫልቭ የባሰ እንዳይበላሽ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ብዙ ጊዜ በየ28 ቀኑ፣ አንዳንዴም በየ21 ቀኑ። እኛ «በየወሩ በሚካኤል» ብለን እንይዘዋለን። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሁልጊዜ ሁለት ቀን እናዘገያለን፤ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ደግሞ ጳጉሜን ገብታ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። የበዓሉን ቀን ተዉትና የሳምንቱን ቀን ያዙ፤ ማክሰኞ ከተወጋችሁ በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ተመለሱ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሚወጋው ባለሙያ አስቀድሞ ይናገር፤ ከተወጋም በኋላ ቦታውን ለደቂቃዎች ጫን አድርጎ ይያዝ።

የደረሰ እንደሆነ

ሕመምተኛው በስትሮክ የተመታ ከመሰላችሁ ፈገግ እንዲል ጠይቁት፤ ፊቱ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ? ዓይኑን ጨፍኖ ሁለቱን ክንዶቹን ያንሣ፤ አንደኛው ወረደ? «ዛሬ ማክሰኞ ነው» ይበል፤ ቃሉ ተኮላተፈ ወይም ጠፋው? አንዷ ምልክት ትበቃለች። «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲጨመቅ የሚባክነው ሰዓት የሚተካ አይደለም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን የአንጎል ምስል ተነሥቶ የደም መፍሰስ አለመሆኑ ከታወቀ በኋላ። ከእኛ ሰፈር በጠዋቱ የቃሊቲ መንገድ ላይ ያለውን የመኪና ወረፋ የሚያውቅ ሰው ይህ ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይገባዋል። ስለዚህ የትኛው ሆስፒታል ሌሊትም ሲቲ ስካን እንደሚያነሣ በሰላሙ ቀን ጠይቃችሁ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉ።

ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ደውሉ። ሕንፃዎቻችን ስለሚመሳሰሉ አንድ ጎረምሳ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ይቁም። ሊፍት ስለሌለ ሕመምተኛውን በጠንካራ ወንበር አስቀምጡና ሁለት ሰው ከኋላና ከፊት ይዞ ያውርደው፤ የዛለውን ክንድ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ትከሻው ይወልቃል። ራሱን የሳተ እንደሆነ በጎኑ አስተኝታችሁ ጠብቁ። ውኃም፣ ማርም፣ አስፕሪንም አትስጡት።

ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም ጉዞው አይሰረዝ፤ ሌላ የሚበልጥ ስትሮክ የሚከተልበት ዕድል ከፍ የሚለው በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ነው። ስትደርሱ ለተረኛው ሐኪም ሦስት ነገር ንገሩ፦ ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት፣ ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መውሰዱንና የመጨረሻዋን ክኒን የዋጠበትን ምሽት። የአይ ኤን አር ካርዱንና የክኒኑን ማሸጊያ አብራችሁ አቅርቡ።