ከቆራሌ ከረጢት የወጣ የሃርድ ዲስክ ካርድ፦ እንዴት ይለያል? እንዴት ይተርፋል?

ደብረ ማርቆስ፣ ሰፈራችን ውስጥ ቆራሌው ሲያልፍ ከረጢቱን ሳላይ አልለቀውም። በቀደም ከተቀደደ ጀሪካን ስር አንድ ረዥም አረንጓዴ ካርድ ብቅ አለ፤ የድሮ ኮምፒውተር ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚገናኝበት ነው። በኪሎ ሂሳብ ገዛሁት።

እንዲህ ያለ ካርድ ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ገመድ የሚሰካበትን ፒን ቁጠሩ። 40 ከሆነ አይዲኢ የሚባለው የዲስክ ማገናኛ ዓይነት ነው። 50 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ስካዚ የሚባለው ሌላ ዓይነት ነው። 34 ብቻ ከሆነ የፍሎፒ ነው፣ ሃርድ ዲስክ ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ባለ 34 እና ባለ 20 ፒን ሶኬቶች አብረው ካሉ ግን ደስ ይበላችሁ፤ በፈረንጆቹ 1980 የዲስክ አምራቹ ሲጌት ካወጣው ባለ 5 ሜጋባይቱ ሃርድ ዲስክ፣ ከኤስቲ-506፣ የመጣ ዘር ነው። መረጃው ዲስኩ ላይ በሚጻፍበት ዘዴ ስም ኤምኤፍኤም ወይም አርኤልኤል ይሉታል። ኢኤስዲአይ የሚባለው ሌላ የማገናኛ ዓይነትም እነዚሁኑ ሁለት ሶኬቶች ስለሚጠቀም፣ ቁርጡን የሚነግራችሁ ካርዱ ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው።

ካርዱ ገና ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሆነ መብራቱን ንቀሉ፣ የሳጥኑን ብረት ንኩ፣ የገመዱን አሰካክ በስልክ ፎቶ አንሱ። የገመዱ ባለቀለም ጠርዝ 1ኛውን ፒን ያመለክታል። ብሎኑን ፈትታችሁ ካርዱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ወደ ጎን ካጠፋችሁት ይሰነጠቃል።

አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሰካውን ወርቃማ ጠርዝ በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ እሹት፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉትና በደንብ ይድረቅ። አረቄ አይሆንም፤ እሱ ሌላ ሥራ አለው። ቺፕ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ አትላጡት። ከስሩ ትንሽ መስኮት ሊኖር ይችላል፤ ፀሐይ ከገባበት ውስጡ ያለው ፕሮግራም ከጊዜ ብዛት ይጠፋል።

የጠብታ ቅርጽ ያላቸውን ብርቱካናማ ካፓሲተሮች መብራት ከመስጠታችሁ በፊት ሾርት አለማድረጋቸውን በመልቲሜትር ለኩ። እኔ ሳልለካ ሰካሁና አንዱ ጧ ብሎ ነደደ። ክፍሉ እስከ ማታ ሲሸት ዋለ።

ካርዱንና ዲስኩን ግን አትለያዩ። የኤምኤፍኤም ዲስክ በአንድ ካርድ ፎርማት ከተደረገ ሌላ ዓይነት ካርድ ብዙ ጊዜ አያነበውም። ሁለቱን በአንድ ላይ እሰሩና አስቀምጡ።

በማግስቱ ቆራሌውን “የዚህ ካርድ ዲስክስ?” አልኩት።

“እሱንማ ለአልሙኒየሙ ሰበርነው” አለኝ።