የሚያንጠባጥብ የቆየ የሻወር ቫልቭ እንዴት ይጠገናል?

ሻወር ተዘግቶም ሲያንጠባጥብ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያደርገው እጀታውን አጥብቆ ማዞር ነው። ለሙቅና ለቀዝቃዛ ውኃ የየራሱ እጀታ ባለው የቆየ ቫልቭ ላይ ግን ይህ ጉዳቱን ያባብሳል፤ ውኃውን የሚዘጋው እጀታው በሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች ጎሚኒ የነሐስ መቀመጫው ላይ ስትጫን በመሆኑ፣ ያረጀች ጎሚኒ በተጨቆነች ቁጥር ትቆራረጣለች፣ በመጨረሻም የያዛት ብሎን መቀመጫውን መፋቅ ይጀምራል።

ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ውኃው ከየት እንደሚወጣ መለየት ያስፈልጋል። ተዘግቶ ሳለ ከሻወሩ ራስ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የጎሚኒዋ ወይም የመቀመጫው ነው፤ ሲከፈት በእጀታው ዙሪያ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የዘንጉ ማሸጊያ አርጅቷል። ከታጠቡ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚንጠባጠበው ግን ሻወሩ ውስጥ የቀረ ውኃ ስለሆነ እንደ ብልሽት አይቆጠርም።

ሥራው ሲጀመር የውኃ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ይጥፋ፣ ዋናው የውኃ መዝጊያ ይዘጋ፣ ከዚያም በቤቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለ ቧንቧ ተከፍቶ በመስመሩ የቀረው ውኃ ይውጣ። ትንንሽ ብሎኖች እንዳይጠፉ የወለሉን ፍሳሽ ቀዳዳ በጨርቅ መሸፈን ይገባል። የእጀታው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከክዳኑ ሥር ተደብቆ ስለሚገኝ ክዳኑ በስስ ካቻቪቴ ቀስ ተብሎ ይነሳል። ብሎኑ ተፈትቶም እጀታው አልወጣ ካለ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጨምሮ መታገስ ይሻላል፤ በመዶሻ መምታት ሴራሚኩን ሊሰነጥቅ፣ ከግድግዳው ኋላ ያለውንም መገጣጠሚያ ሊያናጋ ይችላል።

ቀጥሎ ዘንጉ በግማሽ እንደተከፈተ ሆኖ የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ይፈታል። ዳዶው ወደ ግድግዳው ውስጥ የገባ ከሆነ ረጅም ቡሶላ ያስፈልጋል። የቫልቩ አካል የሚደረስበት ከሆነ በ2ኛ መፍቻ ተይዞ ይቆይ፤ ያለዚያ የሚዞረው ዳዶው ሳይሆን ከግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ሊሆን ይችላል።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ ብዙዎች ጎሚኒዋን ብቻ ቀይረው ይመልሱታል፣ ከትንሽ ጊዜ በኋላም ማንጠባጠቡ ይመለሳል። መቀመጫውን በባትሪ መብራት አይቶ በጣት ጫፍ መዳሰስ የጥገናው ዋና ክፍል ነው። ጤነኛ መቀመጫ ዙሪያው ልስልስ ነው፤ ውኃ የበላው ግን ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ቦይ ይኖረዋል፣ ያ ቦይ ደግሞ አዲሷን ጎሚኒ ወዲያው ይቆርጣታል። በመሃሉ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ማዕዘን ቀዳዳ ካለው ተፈትቶ በአዲስ ይተካል፤ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ከሆነ በመቀመጫ ማለስለሻ መሣሪያ በስሱ ይፋቃል።

ጎሚኒዋ በመጠንም በቅርጽም ከመጀመሪያዋ ጋር እኩል መሆን ስላለባት ወደ መደብር ሲሄዱ ዘንጉን ይዞ መሄድ ከግምት ያድናል። የምትታሰርበት ብሎን ከነሐስ የተሠራ ይሁን፣ ተራ ብረት ይዝጋልና። በዘንጉ ላይ የጋገረው ነጭ ኖራ በኮምጣጤ ተነክሮ ሲቆይ ይለቃል። ማሸጊያው ካረጀ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ የቴፍሎን ገመድ ማሸጊያውን የሚጫነው ዳዶ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ለማለስለሻ የሲሊኮን ግሪስ ይጠቅማል፤ ቫዝሊን ብዙ ዓይነት ጎማን ስለሚያሳብጥ መቅረት አለበት።

ዘንጉ በግማሽ እንደተከፈተ ወደ ቦታው ይመለስና ዳዶው ሳይጨናነቅ ይጠብቅ። ዋናው መዝጊያ በዝግታ ይከፈት፤ የሻወሩ ራስ ተፈትቶ ውኃው ለአፍታ ቢፈስ የተላቀቀው ቆሻሻ ቀዳዳዎቹን አይደፍንም። ማሞቂያው የሚበራው በውኃ ከሞላ በኋላ ብቻ ነው። በእጀታው ዙሪያ ጥቂት እርጥበት ከታየ የማሸጊያውን ዳዶ ሩብ ዙር መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ነሐሱ ወደ ቀይ የተለወጠና ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ፣ ወይም ጥርሱ ተበልቶ ዳዶው አልይዝ ካለ፣ ሙሉ ቫልቩ መቀየር አለበት፤ ይህም ግድግዳ መክፈትን ስለሚጠይቅ ለቧንቧ ሠራተኛ የሚተው ሥራ ነው።