ማንደጃችን ስንት ከሰል ይበላል? ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚለካ

ድሬዳዋ ውስጥ ማንደጃ ሊገዛ የወጣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ቶሎ ያፈላል?» ብሎ ነው። ቶሎ የሚያፈላ ሁሉ ግን ቆጣቢ አይደለም። ከሰሉን ቦግ አድርጎ የሚያነድ ማንደጃ ውሃውን በደቂቃዎች ያፈላል፣ የቀረውን ሙቀት ለግቢው ይበትነዋል። ቁርጡ የሚታወቀው በሚዛን ነው። የምድጃ ተመራማሪዎች ውሃ እያፈሉ የሚያወዳድሩበት ዘዴ አላቸው፤ ቀለል አድርገን እቤታችን እንሞክረው።

በግራም የሚመዝን የኩሽና ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ ሰዓትና አንድ ድስት ያዙ። ቦታው ንፋስ የማይመታው ደጅ ይሁን። የከሰል ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ቤት ውስጥ አይሞከርም።

መጀመሪያ ከአንድ ማዳበሪያ 300 ግራም ደረቅ ከሰል መዝኑ። በጣሳ አትስፈሩ፤ ጣሳ ውስጥ ብናኙም አየሩም ይቆጠራል። ድስቱን ባዶውን፣ ከዚያ 2 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ መዝኑት። የውሃውን ሙቀት ጻፉ።

ከሰሉን አቀጣጥላችሁ ድስቱን ያለ ክዳን ጣዱ፤ ሰዓት ያዙ። ማቀጣጠያችሁ ሁሌም አንድ ዓይነት፣ መጠኑም እኩል ይሁን። ፌስታል አይሁን እንጂ!

አሁን ቴርሞሜትሩን አትልቀቁ። 100 ዲግሪ ላይ እስኪደርስ ከጠበቃችሁ ትመሻላችሁ። ድሬዳዋ ከባህር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሐረር ከፍ ስለሚል ወደ 94 ይወርዳል። ውሃው እየተንፈቀፈቀ ቁጥሩ አልነቃነቅ ካለ፣ ፈልቷል ማለት ነው። ቴርሞሜትሩን ተበላሸ ብላችሁ አትጣሉት።

ከፈላ በኋላ 30 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። ማንደጃው የአየር በር ካለው ጠበብ አድርጉት። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ወጥም ሆነ ሆጃ (ከቡና ገለባ የሚፈላው መጠጥ) ግን ከሰሉን የሚበላው እዚሁ ላይ ነው። ሰዓቱ ሲሞላ ድስቱን አውርዳችሁ መዝኑ። የተረፈውን ፍም አመዱን አራግፋችሁ በጣሳ ያዙና ቶሎ መዝኑ፤ እየነደደ ነውና ይቀንሳል። ሚዛኑ እንዳይቀልጥ ከጣሳው ስር ጣውላ አድርጉ፤ የጣሳውንና የጣውላውን ክብደት ቀንሱ።

ስሌቱ ይኸው። አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል፣ አንድ ግራም ውሃን ለማትነን 2.26 ኪሎጁል ይፈጃል። አንድ ግራም ደረቅ ከሰል በግምት 29 ኪሎጁል ይሰጣል። ለምሳሌ ውሃው ከ26 ወደ 96 ዲግሪ ከወጣ 2 × 4.2 × 70 = 588። 250 ግራም ከተነነ 565። ድምሩ 1,153። የነደደው ከሰል 170 ግራም ከሆነ 4,930 ኪሎጁል ነው። 1,153ን ለ4,930 ስናካፍል ወደ 23 በመቶ ይመጣል፤ ከከሰሉ ሙቀት ውሃው የወሰደው ድርሻ ማለት ነው።

እኔ ግን በመቶኛው ብቻ አልፈርድም። የተነነውን ውሃ እንደ ጥቅም መቁጠር ራሱ ተመራማሪዎችን ያከራክራል፤ በእንፋሎት ወጥ አይበስልም። ያንኑ ሥራ ለመጨረስ የነደደው ግራም ስንት ነው? ለኪስ የሚጠቅመው እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ለክታችሁ አትፍረዱ። በየማንደጃው ሦስት ሦስት ጊዜ፣ በአንድ ድስት ሞክሩ። ተራውን የቆርቆሮ ማንደጃና የሸክላ ልባስ ያለውን፣ «ላቀች» የሚባለውን ማንደጃ ብታወዳድሩ ደስ ይላል፤ ሸክላው ሙቀቱ በጎን እንዳያመልጥ ይይዛል።

ቡታጋዝም እንዲሁ ይለካል፤ ከሙከራው በፊትና በኋላ ሲሊንደሩን መዝኑ። ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ግን የሚጎድለውን ጥቂት ግራም አያሳይም፤ በግራም የሚያነብ ትልቅ ሚዛን ፈልጉ። ጋዝ በግራም ወደ 46 ኪሎጁል ይሰጣል። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና የድስቱን ቂጥ ካጠቆረው አየር አንሶታል፤ ጋዙን ዘግታችሁ፣ ሲበርድ የምድጃውን ቀዳዳዎች በመርፌ ጥረጉና ከመጀመሪያው ለኩ።